የቲቪ ላይሰንስ ሰው በር ሲያንኳኳ፦ ቀጥታ ስርጭት ለማያዩ

እንግሊዝ አገር አዲስ ቤት የገባ ሰው፣ ገና ጋዙንና መብራቱን በስሙ ሳያዞር አንድ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ፖስታው ላይ ስም የለም፤ ለአድራሻው «ሕጋዊ ነዋሪ» ይላል። ውስጡ ደግሞ ቤቱ የቲቪ ላይሰንስ (ቴሌቪዥን ለማየት በየዓመቱ የሚከፈልበት ፈቃድ) እንደሌለው፣ ጉዳዩም እየተጣራ እንደሆነ ደመቅ ባለ ጽሑፍ ይነግርዎታል። ወር ቆይቶ ሌላ ይመጣል፣ ከዚያም ሌላ። አንዱ ይደነግጥና የማያስፈልገውን ክፍያ ይከፍላል። ሌላው ሳይከፍት ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፤ አንድ ቀን ግን ከዚያው ክምር ጋር የፍርድ ቤት መጥሪያ አብሮ ይጥላል። ሦስተኛው መርማሪው ሲመጣ «ግቡ» ብሎ ያስገባና ያላነበበውን ወረቀት ይፈርማል። ከሦስቱ በጣም የሚጎዳው ይህ የመጨረሻው ነው።

ከዚህ በታች የምናብራራው የዩናይትድ ኪንግደምን ሕግ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ላይሰንስ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

ቴሌቪዥን መግዛት፣ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ልጆች ጌም እንዲጫወቱበት ማድረግ ላይሰንስ አይጠይቅም። የ2003ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 363 ወንጀል የሚያደርገው፣ ያለ ላይሰንስ ዕቃውን የቴሌቪዥን ስርጭት ለመቀበል መትከልን ወይም መጠቀምን ነው። በተግባር ወደ ሁለት ነገር ይወርዳል። አንደኛው የማንኛውንም ጣቢያ ፕሮግራም ቀጥታ ማየት ወይም መቅዳት ነው። ሁለተኛው በአይፕሌየር፣ ማለትም በቢቢሲ የኢንተርኔት መመልከቻ ላይ፣ ማናቸውንም የቢቢሲ ፕሮግራም መክፈት ነው፤ ትናንት የተላለፈም ይሁን የዛሬ ዓመት ለውጥ የለውም። አይፕሌየር የተጨመረው ከመስከረም 1 ቀን 2016 ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበረውን ይዘው «አይፕሌየር በነጻ ነው» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። አይስሟቸው።

በምን እንደሚያዩት ለውጥ የለውም። ትልቁ ስክሪን፣ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ታብሌት፣ ጌም መጫወቻ፣ ሁሉም እኩል ነው። መስመሩም አንቴና፣ የሳተላይት ዲሽ ወይም ኢንተርኔት ቢሆን ያው ነው። ሳምሰንግ አይደለም ላይሰንስ የሚጠየቀው፤ ሰውየው ምን አየ ነው ነገሩ።

ነጻ የሆነውስ? ኔትፍሊክስ፣ ዲዝኒ ፕላስና አማዞን ፕራይም ላይ ያሉ ፊልሞችና ተከታታዮች፣ በአይቲቪኤክስና በቻናል 4 መተግበሪያ ያለፈ ፕሮግራም መርጦ መክፈት፣ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ቪዲዮ፣ ዲቪዲ፣ ሬዲዮ፣ ሁሉም ያለ ላይሰንስ ይታያሉ፣ ይደመጣሉ። ከ2017 ጀምሮ ያለውን የቢቢሲ አማርኛ ድረ ገጽ ማንበብም ምንም አይጠይቅም።

የእኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው

«እኔ የእንግሊዝ ቲቪ አላይም» የሚለው መልስ አያድንም። ሕጉ ስለ ጣቢያው አገርና ቋንቋ አይጠይቅም። ኢቢኤስን ወይም ፋናን በሳተላይት ወይም በአይፒቲቪ ሳጥን (ጣቢያዎችን በኢንተርኔት በሚያመጣ ዕቃ) ቀጥታ የሚያይ ቤት፣ ቢቢሲን ከፍቶ ባያውቅም ላይሰንስ ያስፈልገዋል።

ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት «ላይቭ» አለ። የቴሌቪዥን ጣቢያ በዚያው ሰዓት በአየር ላይ የሚያስተላልፈውን በዩቲዩብም አብሮ ሲለቅና እርስዎ ያንን ሲከፍቱ፣ ቴሌቪዥን እያዩ ነው። ደንቡ «በተመሳሳይ ወይም በተቀራረበ ሰዓት» ስለሚል በኢንተርኔቱ ምክንያት ግማሽ ደቂቃ መዘግየቱ ነገሩን አይለውጠውም። አንድ ግለሰብ ከሳሎኑ ተነስቶ ላይቭ ገብቶ የሚያወራው ግን የቴሌቪዥን ስርጭት አይደለም። ስለዚህ የማታውን ዜና በአማርኛ መስማት የሚፈልግና ላይሰንስ መክፈል የማይፈልግ ሰው፣ ስርጭቱ አልቆ ዜናው እንደ ተራ ቪዲዮ እስኪጫን ቢጠብቅ ይሻለዋል። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀይዋን የ«ላይቭ» ምልክት ማየት በቂ ነው፤ ከሌለች ያለፈ ነው።

ኳስ ሌላው ወጥመድ ነው። ማክሰኞ ማታ በአማዞን ፕራይም የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ቀጥታ ማየት፣ ለአማዞን በየወሩ ቢከፍሉም ላይሰንስ ይጠይቃል። ለስካይ የሚከፈለውም እንዲሁ፤ ለኩባንያው የከፈሉት ገንዘብና ላይሰንሱ አይገናኙም። የአርሰናል ደጋፊ ሆኖ «ቀጥታ አላይም» የሚል ሰው ሲገጥመን ትንሽ እንጠረጥራለን፤ ካፌ ሄዶ የሚያይ ከሆነ ግን እውነቱን ነው፣ የካፌው ላይሰንስ የካፌው ባለቤት ጉዳይ ነው።

ከእነዚህ አንዱን የሚያደርጉ ከሆነ ላይሰንሱን ይግዙ። በሚያዝያ 2025 ዋጋው በዓመት 174.50 ፓውንድ ሆኖ ነበር፤ በየሚያዝያው ሊሻሻል ስለሚችል ሲከፍሉ ያረጋግጡ። በወር በወር እከፍላለሁ ያለ አዲስ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ስለሚሰበሰብ መጀመሪያ ላይ የወሩ ተቆራጭ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ተሳስተው አይደለም። ዕድሜው 75 የሞላው ሰው ፔንሽን ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኛ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) የሚያገኝ ከሆነ በነጻ ይሰጠዋል፤ ዓይነ ስውር ሆኖ የተመዘገበ ደግሞ ግማሽ ይከፍላል።

የጋራ ቤት

ብዙ ሰው መኖር የሚጀምረው ክፍል ተከራይቶ ነው። ሁላችሁም በአንድ የኪራይ ውል ላይ ከፈረማችሁ ለቤቱ አንድ ላይሰንስ ይበቃል። እያንዳንዱ ለክፍሉ የራሱ ውል ካለው ግን ክፍሏ ራሷን የቻለች ቤት ትሆናለች፤ በክፍሉ ውስጥ ቀጥታ የሚያይ ሰው ለክፍሉ የራሱን ይገዛል። የጎረቤት ክፍል ላይሰንስ አያድነውም።

አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የወላጆቹ ቤት ላይሰንስ ያለው ተማሪ ሌላ ከተማ ሲኖር በስልኩ ወይም በላፕቶፑ ቀጥታ ቢያይ፣ ዕቃው በራሱ ባትሪ ብቻ እስከሠራና ከአንቴና ጋር እስካልተያያዘ ድረስ የቤተሰቡ ላይሰንስ ይሸፍነዋል። ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ የሰካ ደቂቃ ሽፋኑ ይቀራል። ቀልድ ይመስላል እንጂ ሕግ ነው።

አያስፈልገኝም ብሎ ማስታወቅ

የማያይ ሰው ላይሰንሱን ለሚሰበስበው ለቲቪ ላይሰንሲንግ የማስታወቅ ግዴታ የለበትም። ደብዳቤውን አለመመለስ ጥፋት አይደለም። ቢሆንም ድረ ገጻቸው ላይ «ላይሰንስ አያስፈልገኝም» የሚል ቅጽ አለ፤ ስምና አድራሻ ሞልተው ሲልኩት ደብዳቤው ለሁለት ዓመት ገደማ ያርፍልዎታል። ከዚያ መልሰው ይጠይቃሉ። ቅጹን የሞላ ሰው ጋ ሠራተኛ መጥቶ ሊያረጋግጥ እንደሚችልም እዚያው ይነግሩዎታል።

የቱ ይሻላል? ቤቱ ውስጥ ማንም ቀጥታ የማያይ መሆኑን እርግጠኛ ከሆኑ ቅጹን ይሙሉ፣ የሚመጣውንም የማረጋገጫ ኢሜይል ያስቀምጡ። ደብዳቤ ሲመጣ እናት ከምትደነግጥ ይህ ይቀላል። ስም መስጠት የማይወድ ሰው ደግሞ ዝም ቢል መብቱ ነው፤ ደብዳቤው ግን ይቀጥላል። በኮምፒውተር ተራ የሚወጣ ደብዳቤ ነው፤ አሥረኛው ከመጀመሪያው የበለጠ አደጋ የለውም፣ ቃሉ ብቻ ይከራል።

ድሮ ይከፍሉ የነበሩና አሁን ያቆሙ ሰዎች ቅደም ተከተል ይጠብቁ። መጀመሪያ ላይሰንሱን በድረ ገጹ ይሰርዙ፣ ቀጥሎ ባንክ ያለውን ተቆራጭ ያቁሙ። ባንኩን ብቻ ያቆመ ሰው እንደ ሰረዘ አይቆጠርለትም፤ ክፍያ እንደ ዘለለ ሆኖ ነው የሚመዘገበው። ሙሉ ወር የቀረው ላይሰንስ ካለዎት ተመላሽ ይጠይቁ።

ቤቱንም ያስተካክሉ። ሕጉ ጣቢያዎቹን አጥፋ ባይልም በኋላ ክርክር ይቀንሳል። ቴሌቪዥኑን ዘወር ያድርጉና ከጀርባው ያለችውን፣ መሐሏ ላይ ቀጭን ሽቦ የወጣላትን ክብ የአንቴና ገመድ ይንቀሉ። ሌላው ጫፍ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ከሆነ ከዚያም ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡት። ቀጥሎ በቅንብሩ ውስጥ ገብተው የተቀመጡትን ጣቢያዎች ይሰርዙ። አዳዲሶቹ ስማርት ቲቪዎች አንድ መጥፎ ልማድ አላቸው፤ ሲከፈቱ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ጣቢያ ወይም አምራቹ ራሱ በኢንተርኔት ወደሚያስተላልፈው ጣቢያ ይዘላሉ። በቅንብሩ ውስጥ ሲበራ መተግበሪያዎቹ ያሉበት የመጀመሪያ ገጽ እንዲመጣ ያድርጉ። አይፕሌየርን ከቲቪውም ከልጆቹም ታብሌት ያጥፉ። አይፕሌየር ለመክፈት በኢሜይል መመዝገብ ግድ ስለሆነ፣ ቢቢሲ ያንን ኢሜይል ከላይሰንስ መዝገቡ ጋር ሊያመሳክረው ይችላል።

ስለ «ጠቋሚ መኪናው» ብዙ ይወራል። መኪኖቹ ከ1952 ጀምሮ በእርግጥ ነበሩ። ቢቢሲ ስለዚህ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ግን በእነሱ የተገኘ ማስረጃ ክስ ላይ ቀርቦ እንደማያውቅ ነው። ሰው የሚቀጣው በሌላ ነገር ነው፤ እሱም በር ላይ የሚሆነው ነው።

በሩ ላይ

የሚመጣው ሰው ፖሊስ አይደለም፣ ቤይሊፍም (ዕዳ አስከፋይ) አይደለም። ቲቪ ላይሰንሲንግ የቢቢሲ የንግድ ስም ነው፤ ቤት ለቤት የሚዞሩት ቢቢሲ ሥራውን የሰጠው ካፒታ የተባለው ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። መታወቂያ አላቸው፣ እንዲያሳዩ መጠየቅ ይችላሉ። ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤትዎ የመግባት ሥልጣን ግን የላቸውም። የሚገቡት እርስዎ ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ ከገቡም በኋላ «ይውጡ» ሲሏቸው መውጣት አለባቸው።

የእኛ አስተዳደግ እዚህ ላይ ይጎዳናል። በር ላይ የቆመን ሰው፣ ያውም ዝናብ እየመታው፣ ሳያስገቡ ማናገር ነውር ነው። ለሠራተኛው ግን «ይግቡ» ማለት ፈቃድ ነው። ከገባ በኋላ የሚያየው ሁሉ፣ የበራው ስክሪን፣ የተሰካው ገመድ፣ ከጓዳ የሚሰማው የዜና ድምፅ፣ ይጻፋል። ከደጅ ሆኖ የሚያየውና የሚሰማውም ይጻፋል። ስለዚህ ሳሎኑ በሚታይበት መልኩ በሩን ወለል አድርገው አይክፈቱ፤ ሰንሰለት ካለ ሰንሰለቱን ይጠቀሙ።

የሚባለው ነገር አጭር ነው። «አይ ዶንት ኒድ ኤ ላይሰንስ። ታንክ ዩ። ጉድባይ።» አበቃ። ስም መናገር አይጠበቅብዎትም። ቴሌቪዥን አለህ ወይ፣ ምን ታያለህ፣ ኢንተርኔትህ የማን ነው የሚሉትን ጥያቄዎች መመለስም ግዴታ አይደለም። በሩን መዝጋት ወንጀል አይደለም። በስልክዎ መቅረጽም ይችላሉ። መሳደብና መገፍተር ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው፣ ከላይሰንሱም ይከብዳል።

ቀጥታ የማያይ ሰው ማስገባት የለበትም ወይ? ካስገባ ሠራተኛው ቲቪውን ከፍቶ ይሞክራል፤ ጣቢያ ካልመጣ «አያስፈልጋቸውም» ብሎ መዝግቦ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ በሰላም ያልቃል። እኛ የማንመክረው ለዚህ ነው፦ ባለቤቱ ያላስተዋለው ጣቢያ ድንገት ቢከፈት፣ ወይም ልጁ ሮጦ መጥቶ «ባባ ትናንት ኳስ አይተናል» ቢል፣ ነገሩ በአንዴ ይዞራል። ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ቅጹን በድረ ገጽ መሙላትም ያንኑ ያደርጋል።

ወረቀቱ

ይህን ቀስ ብለው ያንብቡት።

ሠራተኛው ጥፋት አለ ብሎ ከጠረጠረ የሚሞላው ቅጽ አለ፣ ቲቪኤል 178 ይባላል። የቃል መቀበያ ነው። ከመጀመሩ በፊት በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር በፍጥነት ያነብልዎታል። ትርጉሙ «ምንም ለመናገር አይገደዱም፤ የሚናገሩት በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል» የሚል ነው፤ ፖሊስ ሰው ሲይዝ የሚለው ዓይነት። ያንን ሲሰሙ ጨዋታው ተለውጧል፦ ከዚህ በኋላ ያለው ንግግር ወግ አይደለም፣ የወንጀል ምርመራ ነው። ቅጹ ላይ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቲቪው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከምን ጋር እንደተያያዘ፣ ያለ ላይሰንስ ከመቼ ጀምሮ እንደታየበት፣ መጨረሻ ላይ ምን ፕሮግራም እንደታየ ይጻፋል። ግርጌው ላይ መፈረሚያ አለ።

ክሱ የሚቆመው በአብዛኛው በዚህች ፊርማ ነው። ቋንቋው ያልጠራለት ሰው ለእያንዳንዱ ጥያቄ «የስ፣ የስ» ይላል፤ ማክበሩ ነው፣ መስማማቱ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ግን ያመነ ሆኖ ይሰፍራል። ሠራተኛው «መጥቼ እንደነበር ብቻ ነው የሚፈርሙልኝ» ቢልዎትም አይፈርሙ፤ መፈረም ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎ ከሆነ «ኖ ኢንግሊሽ፣ ኖ ኢንተርቪው» ብለው በሩን ይዝጉ። ያለ አስተርጓሚ ቃል መስጠት የለብዎትም፤ የአሥር ዓመት ልጅዎም አስተርጓሚ አይደለም። ልጆች ብቻቸውን ሲሆኑ በር እንዳይከፍቱ አስቀድመው ይንገሯቸው።

አንድ ሌላ ነገር፦ የሚከሰሰው ቤቱ አይደለም፣ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም በሩን የከፈተው ሰው። በዚህ ጥፋት ከሚፈረድባቸው መካከል አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቀን ቤት የምትገኘው እሷ ናት፣ የምትከፍተውም እሷ ናት። ኳሱን ያየው ባል ሥራ ላይ ሆኖ፣ ክሱ በሚስቱ ስም ይመጣል። ስለዚህ ይህን የሚያውቀው አባወራው ብቻ ከሆነ አልተጠቀመም፤ ቤት ለምትውለው ይነገራት። አያቴ ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥታለች የሚል ቤት ለእሷም ያስረዳ።

እንዳይመጡ በጽሑፍ መከልከልም ይቻላል። ማንም ሰው በር ድረስ መጥቶ የማንኳኳት የተለመደ ፈቃድ አለው፤ እርስዎ ያንን ፈቃድ ማንሳትዎን ለቲቪ ላይሰንሲንግ ሲጽፉ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ይቀበሉታል። ማዘዣ የመጠየቅ መብታቸው ግን እንዳለ ነው። የስኮትላንድ ሕግ ስለሚለይ ደብዳቤው እዚያ አይሠራም። እውነቱን ለመናገር፣ በዓመት አንዴ ለሚመጣ ሰው ይህን ሁሉ መጻፍ ለብዙ ቤት አያስፈልግም።

ማዘዣ ይዘው ከመጡ

የኮሙኒኬሽን ሕጉ አንቀጽ 366 ዳኛ፣ በስኮትላንድ ደግሞ ሸሪፍ የሚባለው ዳኛ፣ የብርበራ ማዘዣ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ለዚህ ጥፋት ተፈጽሟል ወይም እየተፈጸመ ነው፣ ማስረጃውም በቤቱ ይገኛል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት መቅረብ አለበት። ላይሰንስ የለውም ወይም በሩን ዘጋብኝ ማለት ብቻውን አይበቃም። በተግባር ማዘዣ እምብዛም አይገጥምም፤ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ከፖሊስ ጋር ነው።

ከመጣ አይከላከሉ፤ ማዘዣ ይዞ የመጣን ሰው ማደናቀፍ ወንጀል ነው። ወረቀቱን ተቀብለው ሦስት ነገር ይዩ፦ አድራሻው የእርስዎ መሆኑን፣ ቀኑን፣ የሰጠውን ፍርድ ቤት። ማዘዣ የሚያገለግለው ለአንድ ወር ነው። ዕቃውን ማየትና መሞከር ይችላሉ፤ የዕቃውን አከፋፈት ሲጠይቁ ይተባበሩ። ስላዩት ፕሮግራም ቃል የመስጠት ግዴታ ግን ማዘዣው አያመጣም። ዝም ብለው ይቅረጹ።

ክስ ሲመጣ

ደብዳቤ ሁሉ የሚጥል ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እነዚህ ክሶች የሚታዩት «ሲንግል ጀስቲስ ፕሮሲጀር» በሚባል መንገድ ነው፦ ችሎት የለም፣ አንድ ማጅስትሬት ዳኛ ከሕግ አማካሪ ጋር ሆኖ ወረቀቱን አይቶ ይወስናል። መጥሪያው በተራ ፖስታ ይመጣል። ከተለመደው ማስፈራሪያ የሚለየው በእነዚህ ነው፦ «ሕጋዊ ነዋሪ» ሳይሆን የእርስዎ ሙሉ ስም አለበት፣ የመዝገብ ቁጥር አለው፣ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቀን ተጽፏል፣ የሠራተኛው ቃልና የእምነት ክህደት ቃል የሚሰጡበት ቅጽ ተያይዟል። ስምዎ ያለበትን ፖስታ ሁሉ ይክፈቱ።

መልስ ለመስጠት ያለዎት ጊዜ 21 ቀን ነው። ጥፋተኛ አይደለሁም ካሉ ጉዳዩ ወደ ተራ ችሎት ይሄዳል፤ ቀርበው ያስረዳሉ፣ አስተርጓሚም ይጠይቃሉ። አምናለሁ ካሉ የገቢ መግለጫውን መሙላት አይርሱ፤ መቀጮው የሚሰላው በገቢ ነው። ባዶውን የተወ ሰው ደህና ደሞዝ እንዳለው ይቆጠራል። የመቀጮው ጣሪያ 1,000 ፓውንድ ነው። በዚያ ላይ የመቀጮውን 40 በመቶ የሚሆን የተጎጂዎች ክፍያና የክሱ ወጪ ይጨመራል። መልስ ካልሰጡ ዳኛው እርስዎ በሌሉበት ይፈርዳል።

ቤት ቀይሮ መጥሪያው ሳይደርሰው የተፈረደበት ሰው ስለ ፍርዱ ባወቀ በ21 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ «ክሱን አላውቅም ነበር» ብሎ በመሐላ ቢያረጋግጥ ፍርዱ ተነስቶ እንደ አዲስ ይጀመራል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ከፍሎ ያልፋል። ስኮትላንድ ውስጥ መዝገቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዐቃቤ ሕጉ ስለሆነ አካሄዱ ሌላ ነው።

ላይሰንስ አለመክፈል ብቻውን እስር ቤት አያስገባም፣ የብድር ታሪክንም አይነካም። ፍርድ ቤቱ የጣለውን መቀጮ እያለው አልከፍልም ያለ ግን ቤይሊፍ ይመጣበታል፤ ከከፋም እስራት አለ።

በጽሑፍ መልእክት «ላይሰንስዎ አልቋል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ከመጣ አይጫኑ፤ መልእክቱን የማጭበርበሪያ መልእክት ወደሚጠቆምበት ቁጥር፣ ወደ 7726 ይላኩትና ያጥፉት። ክፍያ ካለብዎ አድራሻውን ራስዎ ጽፈው ድረ ገጹን ይክፈቱ።

የወረቀት ጉዳይ ላለበት ሰው

ዜግነት ወይም ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ላይሰንሱ ራሱ አይደለም የሚያሳስበው፤ ፍርዱ ነው። ይህ ጥፋት በፖሊስ ማዕከላዊ መዝገብ የሚሰፍር ዓይነት አይደለም፤ ያም ሆኖ ፍርድ ቤት የሰጠው የጥፋተኝነት ውሳኔ ነው። የዜግነት ቅጹ ስለ ፍርድ ሲጠይቅ «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ መዝለል ከመቀጮው የባሰ ጣጣ ያመጣል፤ መደበቅ በራሱ እንደ መጥፎ ጠባይ ይታያልና። እንዲህ ዓይነት ፍርድ ያለበት ሰው የወረቀቱን ቀን፣ የፍርድ ቤቱን ስምና የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ፣ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ወይም ጠበቃ ያነጋግር።